«ዳነ» ከተባለ በኋላ፦ የደም ካንሰር ታካሚዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በሙሉ የደም ካንሰር ከታከሙ ወይም እየታከሙ ካሉ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው። ሕመሙ ረገብ ሲል ጠያቂው «ተመስገን፣ ዳነ» ብሎ ይሄዳል። የመድኃኒቱ ጣጣ ግን ቤት ይቀራል። ብዙዎቻችሁ ለሐኪም ሳትነግሩ ችላችሁት እንደምትኖሩ ከጽሑፋችሁ ተረድቻለሁ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

የሊምፎማ (ከሊምፍ ዕጢ የሚነሳ የደም ካንሰር) ኬሞቴራፒዬን ከጨረስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድካሙ ግን አለቀቀኝም። ቀፊራ ገበያ ደርሼ ከተመለስኩ አልጋ ላይ ነኝ። ባለቤቴ «ሰነፍክ» ትለኛለች። ጓደኞቼ «ትንሽ ቃም፣ ይለቅሃል» ይላሉ። ስቅም እውነትም እነቃለሁ። (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ ስንፍና አይደለም። ከኬሞ በኋላ የሚመጣ ድካም ተኝተው ቢነሱም የማይወጣ ድካም ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ባለቤትህ ይህን መልስ ታንብበው።

ቢሆንም «የታወቀ ነው» ተብሎ አይተውም። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት ድካም ያመጣሉ፤ ሁሉም ይታከማሉ። በቀጠሮህ ቀን «ደህና ነኝ» ብለህ አትውጣ፤ ቀፊራ ደርሰህ ስትመለስ የምትሆነውን ንገራቸው። ሌሊት ላብ ካጠመቀህ፣ ከከሳህ ወይም እብጠት ካየህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ።

በጫቱ ነገር ከጓደኞችህ ጋር አልስማማም። ጫት ያነቃል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳሃል፣ ጠዋት ድካሙ ብሶ ይጠብቅሃል። ከዚያ ኢጀባና (የጠዋት ጫት) ያምርሃል። ደግሞ ለሊምፎማ ከሚሰጡ ኬሞዎች አንዱ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብን ሊያዳክም ይችላል። ጫት በበኩሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዶክሶሩቢሲን ወስደህ እንደሆነ ሐኪምህን ጠይቅ፤ መቃምህንም አትደብቀው። ከበርጫው ቅር ማለት የለብህም፤ ጨዋታው ያስፈልግሃል። ሳትቅም ተቀመጥ።

ለዚህ ድካም በደንብ የተረጋገጠው መፍትሔ፣ ለማመን ቢከብድም፣ እንቅስቃሴ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ አሥር ደቂቃ ተራመድ። ሲለምድልህ ጨምር። የቀን እንቅልፍህ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

ኢማቲኒብ የሚባለውን የደም ካንሰር ክኒን እወስዳለሁ። ጠዋት ዓይኔ ሥር አብጦ ስነሳ ሰው ያለቀስኩ ይመስለዋል። ሌሊት ባቴን እየሸመቀቀ ያስጮኸኛል። ላቁመው? (ከሐረር)

እህቴ፣ እባክሽ በራስሽ አታቁሚ። ሁለቱም የዚህ ክኒን የታወቁ ጣጣዎች ናቸው። ጨው ቀንሺ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ፣ ከመተኛትሽ በፊት ባትሽን አሳስቢ። ሐኪም የደምሽን ፖታሺየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያይልሻል፤ ካስፈለገም መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ክብደትሽ በጥቂት ቀናት ከጨመረ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን በዚያው ቀን ሂጂ።

እናቴ ኬሞ ላይ ናት። ማታ ካተኮሳት ፓራሲታሞል ሰጥተን እስኪነጋ እንጠብቅ? (ከሳቢያን)

አትጠብቁ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ውሰዷት። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሰው ይጥላል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ ላይ ናት» ይሁን። በእኛ አገር ወባም ዴንጊም አለ፤ ዴንጊ፣ በትንኝ የሚተላለፈው ትኩሳት፣ ድሬዳዋ ላይ መታየት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌትንም ያወርዳል። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጧት፤ ያደማሉ። ቴርሞሜትር ዛሬውኑ ግዙ።

አባቴም ኢማቲኒብ ይወስዳሉ። ረመዳንን እጾማለሁ ብለው አስቸገሩን። (ከጁገል)

በቀን አንዴ የሚወስዱ ከሆነ ክኒኑን ከኢፍጣር ምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ መውሰድ ይቻል ይሆናል። ግን አስቀድሞ ሐኪማቸው ይፍቀድ። የሚያስታውካቸው ወይም የሚያስቀምጣቸው ከሆነ በሙቀቱ ላይ ጾሙ ይጎዳቸዋል። ሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል። ከልጅ ይልቅ ከሚያከብሩት ሼኽ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

ቤታችን በግንቦት እንደ ምድጃ ይግላል። የኢማቲኒብ ክኒኔን የት ላስቀምጥ? (ከድሬዳዋ)

ኢማቲኒብ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። ከነማሸጊያው፣ ፀሐይ ከማያገኘው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከማብሰያ አጠገብና ከቆመ መኪና ውስጥ አርቂው። ፍሪጅ ላይም አታኑሪው፤ ላዩ ይሞቃል።