ናይት ብቻዬን እመደባለሁ፣ ብናገር ያባርሩኛል? ላልሽው

እህቴ፣ «ጎንደር የግል ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ናይት ላይ ዋርዱን (የተኝቶ ታካሚዎቹን ክፍል) በሙሉ ብቻዬን ነው የምይዘው። ብናገር ያባርሩኛል ወይ?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር በግል ሆስፒታል ዓመታት ሠርቻለሁ። መናገሩንስ ተናገሪ፤ አነጋገሩ ላይ ነው ጉዳዩ።

ብዙዎቻችን ቢሮ ገብተን «ደከመን» እንላለን። ለዚህ ደግሞ ባለቤቱ መልስ አያጣም። «ካልተመቸሽ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል» ይልሻል። አልዋሸም፤ ተመርቆ ቤት የተቀመጠው ስንት ነው! ስለዚህ የራስሽን ድካም ተዪውና የበሽተኛውን ነገር አንሺ። ያውም በጽሑፍ።

አንድ የወባ ሰሞን ከመተማና ከደንቢያ በሽተኛ ጎረፈብን። እኔም ዲዩቲ ላይ ያልተሠራውን እየመዘገብኩ አደርኩ። «የሌሊቱ 6 ሰዓት አንቲባዮቲክ በ8 ሰዓት ተሰጠ። አልጋ 7 ደም ተጀምሮላት በ15 ደቂቃው ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት) አልተለካም፤ አልጋ 3 ያለው ልጅ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር። ኦክስጅኑን ሲጠብቅ ያደረው አስታማሚ ነው።» ማጋነን የለ፣ ማንንም መውቀስ የለ። ጠዋት ርክክብ ላይ አንዱን ኮፒ ለማትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) ሰጠሁ፣ ሌላውን አስፈርሜ ያዝኩ። (የበሽተኛ ስም እንዳትጽፊ፤ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅማ ራስሽን ማስከሰስ ነው።)

መጀመሪያ ተኮረፍኩ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲደጋገም ግን ሜዲካል ዳይሬክተሩ ራሱ ጠራኝ። የተፈረመ ወረቀት እያለ፣ ነገ ቤተሰብ ቢከስ «አላወቅንም» አይባልማ። ለናይት ሁለተኛ ሰው ተጨመረ። በጥምቀት ሰሞን ግን እስካሁን ያው ነው፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ እኛ እንሳሳለን።

አሜሪካም ቢሆን ይሄው ጭቅጭቅ አለ። አሽቪል የሚባል ከተማ ያለውን ሚሽን ሆስፒታል በ2019 (በፈረንጆቹ) ለትርፍ የሚሠራው የሆስፒታሎች ኩባንያ ኤችሲኤ ገዛው፤ በዓመቱ ነርሶቹ የሠራተኛ ማኅበር ለመግባት ድምፅ ሰጡ። እዚያ አገር ብዙ ነርሶች ምድቡ አደገኛ ሲሆንባቸው «ተቃውሜ ነው የተቀበልኩት» የሚል ፎርም ሞልተው ለአለቃ ይሰጣሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ቁጥሩ በሕግ ታስሯል፤ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ አንድ ነርስ ከ2 በሽተኛ በላይ አትይዝም፣ ድንገተኛ ክፍል ከ4። ዳይሬክተርሽ መረጃ የሚወድ ከሆነ የ2002ቱን የፔንስልቬንያ ጥናት ጥቀሺለት፦ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ፣ የግል ተቀጣሪ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ስንቶቻችን ይህን አስልተን እናውቃለን? አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለም ይላል፤ 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። «ሥራ እናቆማለን» ብቻ እንዳትሉ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ ክልክል ነው። በዚህ ከመጡባችሁ መከራከሪያ የላችሁም።

ያልጻፍሽው አንድ ነገር አለ። የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል? እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ካልጨረስሽ ወረቀቱን ብቻሽን አታስገቢ። ናይት የሚገባ ነባር ሰው ፈልጊና እሱም ይፈርምበት።