ትርፍ አጥንት የበቀለበት ዳሌ

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ኖረዋል። ቀኝ ዳሌያቸውን ከታመሙ ቆዩ። ባሕር ዳር ወስጃቸው ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ «ዳሌው መቀየር አለበት፤ ግን ዙሪያውን ትርፍ አጥንት ስለበቀለ ሥራውን ያከብደዋል» አሉን። ትርፉን ብቻ ጠርቦ ማውጣት አይቻልም? የሚያከብደውስ እንዴት ነው?
ልጃቸው፣ ከቢቸና

መልስ፦ እኅቴ፣ እኔም የደጀን ልጅ ነኝ። የእኛ አገር ገበሬ እግሩ እምቢ እስኪለው ድረስ ሕመሙን እንደሚደብቅ አውቃለሁ።

ትርፉን ብቻ መጥረብ አባትሽን አያሽራቸውም። በሽታቸው የልም አጥንት፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን፣ ማለቅ ነው። እሱ ሲያልቅ ሰውነት ዳር ዳሩን አጥንት ያበቅላል። ትርፉ ቢነሣ ያለቀው አይመለስም።

አሁን የቤታችሁን ሙቀጫ አስቢ። ጠርዙ ላይ ጭቃ ቢደርቅበት፣ ታችም ቢጋገርበት፣ እውነተኛው አፉና ወለሉ የት እንደሆነ ይጠፋል። የጭን ራስ የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳም እንዲሁ ነው። ትርፉን ጠርዝ ነው ብሎ ያመነ ሐኪም አዲሱን ኩባያ፣ ማለትም ጎድጓዳው ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ክፍል፣ አጋድሎ ይተክለዋል። ወለሉን የሸፈነውን አጥንት ካመነ ደግሞ ወደ ውጭ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። የቀዶ ጥገና ተማሪ ሳለሁ ወለሉን አገኘሁ ብዬ አጥንቱን መፋቄን አቆምኩ። መምህሬ እጄን ያዝ አድርገው «ገና ነው» አሉኝ። ጥቂት ሚሊሜትር ስንወርድ እውነተኛው ወለል ብቅ አለ። ያን ቀን አልረሳውም።

ኩባያው ከተተከለ በኋላ ጣቴን በጠርዙ ዙሪያ አዞራለሁ። አልፎ የወጣውን አጥንት በመሮ አነሣለሁ። ከዚያ እግሩን አጥፌ ጭኑን ወደ ውስጥ አዞረዋለሁ። ከፊት ትርፍ ከቀረ ጭኑ ይመታዋል፤ ያኔ አዲሱ የጭን ራስ ተፈንቅሎ በኋላ በኩል ሊወጣ ይችላል። ሰው ዱካ ላይ ቁጭ ሲል ዳሌው ውልቅ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሁሉንም ልጥረግ ማለትም አይገባም፤ ኩባያውን የያዘው አጥንት ይሳሳል።

ሐኪሙ አስቀድመው መንገራቸው ደግ ነው። ስትመለሱ ሁለቱንም ዳሌ የሚያሳይ ራጅ ያዙ፤ ጤነኛው ጎን ለታመመው መለኪያ ይሆናል። ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቂያቸው። አባትሽ ዱካ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰግዱ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እስከዚያው ግን፣ አደራሽን፣ ወጌሻ ዳሌያቸውን እንዳያጣምምባቸው።