«4 ጂቢ ነው» ስላሉሽ ብቻ ግራፊክስ ካርድ እንዳትገዢ

እህቴ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነው የምማረው፣ ያለኝ ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ለሬቪት (የሕንፃ ንድፍ መሥሪያው) እና ለሉሚየን (ንድፉን እንደ እውነተኛ ሥዕል አስመስሎ የሚያሳየው) 4 ጂቢውን ግራፊክስ ካርድ ጂቲ 730 ልግዛ ወይስ 2 ጂቢውን ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ «4 ይበልጣል» ነው ያሉሽ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምክሩ ግን ብርሽን ያስበላሻል። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ በዚሁ ማሽን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ስለማደርግ ስሚኝ።

1. ጂቢው የሚነግርሽ ካርዱ ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ምን ያህል ቶሎ እንደሚያቀብል አይነግርሽም። ጎተራው ሰፍቶ በሩ ከጠበበ ምን ዋጋ አለው? ጂቲ 730 ዲዲአር3 የሚባለው ቀርፋፋ ሜሞሪ ያለውም፣ ጂዲዲአር5 የሚባለው ፈጣን ሜሞሪ ያለውም በአንድ ስም ነው የሚሸጠው። ባለ 64 ቢቱ (ቢቱ የበሩ ስፋት ነው) ዲዲአር3 በሰከንድ 14.4 ጂቢ ያስተላልፋል። ጂዲዲአር5ቱ 40። 750 ቲአይ 86.4። የሚያስቀው ደግሞ፣ ያንቺው ማሽን ላይ ሁለት ዲዲአር3 1600 ራም በትክክል ከተሰካ 25.6 ይደርሳል። ከማዘርቦርድሽ ራም የባሰ ቀርፋፋ ሜሞሪ ከፍለሽ ልትገዢ ነበር።

2. የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከፍተው የካርዱን ጂቢ ሲያሳዩሽ አትመኚ። እዚሁ ጅማ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ካርዱን 8 ጂቢ ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ «ይኸው፣ 8 ጂቢ!» አለኝ። ካርዱ ግን 4 ነው። ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ «ሼርድ» (የጋራ) ብሎ ይደምርበታል። አንቺ ማየት ያለብሽ «ዴዲኬትድ» (የካርዱ የራሱ) የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ጂፒዩ-ዜድ፣ ማለትም የካርዱን እውነተኛ ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ያለበትን ፍላሼን ልሰካ ስል «አንተ ደግሞ ኢንጂነር ነህ? ስክሪኑ በራ አይደል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አይለኝም! ያውም ሰው ፊት። ለማንኛውም ሰካሁት። ሜሞሪ ታይፕ፣ ዲዲአር3። ባስ ዊድዝ (ያ የበሩ ስፋት)፣ 64 ቢት። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ፍላሼን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ልጅ ያንኑ ካርድ ዋጋ እንኳን ሳይከራከር ገዛው። አንጀቴ ነው ያረረው።

ጂፒዩ-ዜድ ነፃ ነው፣ አውርደሽ ፍላሽሽ ላይ ያዢው። በድሮ ቺፕ ላይ ባዮሱን (የካርዱን ስም የሚናገረውን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው «አዲሱ 1050 ቲአይ ነው» የሚሉትንም ያጋልጣል፤ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍልሻል። አላስሞክርም የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ደህና ዋል ብለሽ ውጪ።

3. እኔ በመጨረሻ ያገለገለ 750 ቲአይ ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ገዛሁ። ይኸው እስካሁን ሰርግ የምሠራው በሱ ነው። 60 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ከማዘርቦርዱ ቀጥታ ይሠራል። አንዳንዱ ሞዴል ባለ 6 ፒን ገመድ ይጠይቃል፣ እሱን ተይው። የኔ ኬዝ ትንሹ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት። ያንቺም እሱ ከሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭሩን ካርድ ነው የምትፈልጊው፤ ረጅሙ ክዳን አያስገጥምም።

ለሬቪት ይበቃሻል። ሬቪት ከካርዱ ይልቅ ሲፒዩና ራም ነው የሚበላው። ሉሚየን ግን ጣጣ አለው፤ እዚያ ጂቢውም የግድ ነው። ካርዱ ሲሞላ ከራም መበደር ይጀምራል፣ ዛፍ በጨመርሽ ቁጥር ስክሪኑ ይጎተታል። 2 ጂቢውም ያ ቀርፋፋ 4 ጂቢም ለሱ አይሆኑም። የላብ ማሽን ካገኘሽ ሉሚየኑን እዚያ ሥሪው።

ካርድ ከመፈለግሽ በፊት ኬዙን ክፈቺና የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ልጠፊው። የትኛው ሞዴል እንደሚገጥም አይቼ እነግርሻለሁ።