ዋግ፣ ዝገት ወይስ ሻጋታ?

ጥያቄ፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ስለ ስንዴ በሽታ ለገበሬዎች የሚበተን በራሪ ወረቀት ሳዘጋጅ «ዋግ» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው «የስንዴ ዝገት» ብሎ ለወጠው። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ያው ፈንገስ ስለሆነ ሻጋታ በለው» አለኝ። የትኛው ነው ትክክሉ? «ዋጎች» ብሎ ማብዛትስ ይቻላል?

መልስ፦ ዋግ ብለው ይጻፉ። አራሚው የጻፈልዎ የፈረንጅ ቃል ቀጥተኛ ትርጉም ነው። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ለብረትና ለስንዴ የሚጠቀሙት አንድ ቃል ነው፤ በስንዴው ላይ የሚወጣው ብናኝ ቀለሙ የዛገ ብረት ስለሚመስል። አማርኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ዝገት የብረት ነው፣ ዋግ የሰብል ነው። ያለንን ቃል ትተን ከሌላ ሰው የምንበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

የሻጋታው ጉዳይ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ባልደረባዎ ዋግ ፈንገስ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ሻጋታ የምንለው እንጀራ ላይ፣ ዳቦ ላይ፣ እርጥበት የገባው ጎተራ ውስጥ የሚወጣውን ነው። የሚኖረው በሞተ ነገር ላይ ነው። የዋግ ፈንገስ ደግሞ በሕይወት ካለ ተክል ውጭ መኖር አይችልም። ወደ ተክሉ ሕዋስ ምግብ የሚመጥበትን አካል ይሰድዳል፣ ሕዋሱን ሳይገድል ይመገባል። ተክሉ ከሞተ እሱም ምግቡ ይቋረጣል። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራናቸው ገበሬው «እርጥብ እህል ስላከማቸሁ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። በሽታው ግን ያለው ማሳ ላይ ነው።

በሳይንሱ አመዳደብ ብናየውም ርቀቱ ያው ነው። በትምህርት መጻሕፍት ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሥፍን፣ ክፍለ ሥፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ የሚል ቅደም ተከተል አለ። የዋግ ፈንገሶች በሙሉ የሚገቡት ፑቺኒያሌስ በሚባል አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። ቀድሞ ኡሬዲናሌስ ይባል ነበር። ፑቺኒያ የሚለው የወገን ስም የተወሰደው ከፍሎረንሱ የአካል ጥናት መምህር ከቶማሶ ፑቺኒ ነው። በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ ከ7,000 በላይ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ክፍለ ሥፍኑ ባዚዲዮማይኮታ ነው፤ የምንበላው እንጉዳይም የሚገኘው እዚያው ነው። የዳቦ ሻጋታዎች በሌላ ክፍለ ሥፍን ናቸው። ስለዚህ ዋግ ከሻጋታ ይልቅ ለእንጉዳይ ይቀርባል፣ ዝምድናው የሩቅ ቢሆንም።

የዚህን ፈንገስ ኑሮ ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። የስንዴን ግንድ የሚያጠቃው ፑቺኒያ ግራሚኒስ ሙሉ ዑደቱን ለመጨረስ አምስት ዓይነት ስፖር፣ ማለትም የሚራባበትን ደቂቅ ብናኝ፣ ያወጣል፤ ያውም በሁለት በማይዛመዱ ተክሎች ላይ። ስንዴው ላይ የምናየው የዛገ የሚመስለው ብናኝ አንዱ ብቻ ነው። እሱ ከስንዴ ወደ ስንዴ በነፋስ ይሄዳል፣ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አዲስ ትውልድ ያፈራል። ሰብሉ ሲደርስ ደግሞ ብናኙ ይጠቁራል። ጥቁሩ ስፖር ስንዴን አይፈልግም። ከእሱ የሚወጣው ሌላ ስፖር በርበሪስ በሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል። ፆታዊ መራባቱ የሚካሄደው እዚያ ነው። ከቁጥቋጦው የሚነሣው ስፖር እንደገና ወደ ስንዴ ይመለሳል። ይህን እ.አ.አ በ1865 በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው። የአውሮፓ ገበሬዎች ግን ቁጥቋጦውን ቀድመው ጠርጥረውት ነበር፤ በፈረንሳይ ሩዋን እንዲነቀል የታዘዘው በ1660 ነው።

አሁን ወደ «ዋጎች»። በዕለት ንግግር ዋግ አይበዛም። የበሽታ ስም ነው፤ ኩፍኝን «ኩፍኞች» እንደማንለው ማለት ነው። «ሦስት ዋጎች» ከማለት «ሦስት ዓይነት ዋግ» ማለት ይሻላል፦ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ፣ ቢጫ ዋግ። የሚበዛው ተሕዋሲው ነው፤ «የዋግ ፈንገሶች» ይባላል። በሽታውንና አምጪውን መለየት ለዓረፍተ ነገሩም ይረዳል። «ዋግ ስንዴውን መታው» ያምራል። «ዋግ በነፋስ ስፖር ይበትናል» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ እዚያ ላይ «የዋግ ፈንገስ» ይበሉ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ዜና ላይ «አዲስ የዋግ ዝርያ ተገኘ» ሲባል እንሰማለን። ዝርያ በአመዳደቡ የመጨረሻው እርከን ነው። በዜናው የተባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ፣ ተመራማሪዎች «ሬስ» የሚሉት ዓይነት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.አ.አ በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዓይነቶች ክፉኛ መታ። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 ዲገሉም በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። የመታው አዲስ ዝርያ አልነበረም። ያው ፑቺኒያ ግራሚኒስ ነው፤ የዲገሉን መከላከያ ማለፍ የቻለ ሬስ ነው። እንግዲህ «ዝርያ» ለስንዴውም፣ ለፈንገሱም፣ ለሬሱም ከዋለ አንባቢ ይደናገራል። እኔ ለስንዴው «የስንዴ ዓይነት»፣ ለፑቺኒያ ግራሚኒስ «ዝርያ»፣ ለቀረው «ሬስ» ብል እመርጣለሁ።

ቡና ላይም ዋግ ማለት ይቻላል። የቡናን ቅጠል የሚያጠቃው ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ የዚሁ ክፍለ መደብ አባል ነው። እ.አ.አ ከ1869 ጀምሮ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የቡና እርሻውን ያጠፋው እሱ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ ግን ዋግ አይደለም፤ አምጪው ሌላ ፈንገስ ነው።

በወረቀትዎ ላይ በተለይ የሚጠነቀቁት ዋግን ከአረማሞ ጋር እንዳይቀላቅሉ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚጠሩ (ለምሳሌ በአሞጽ 4፥9) ብዙ ሰው እንደ አንድ ያያቸዋል። አረማሞ ፍሬውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው ነው፤ አምጪዎቹም ከፑቺኒያሌስ ውጭ ናቸው። ብዙው የአረማሞ ዓይነት በዘር ስለሚተላለፍ ዘሩን በመድኃኒት ማሸት ይጠቅማል። ዋግ በነፋስ እንጂ በዘር አይመጣም። ርዕሱ ላይ «ዋግና አረማሞ» ብለው ከጻፉ፣ ዘሩን ያሸ ገበሬ ከሁለቱም ተገላገልኩ ብሎ ማሳውን ማየት ሊተው ይችላል። ርዕሱን «የስንዴ ዋግ» ብቻ ያድርጉት። አረማሞን በሌላ ወረቀት ይጻፉለት።