ሆቴል ከመያዝሽ በፊት፣ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘጠኝ ሴቶች ናችሁ። ከኮሌጅ ከወጣችሁ አሥር ዓመት አልፏል። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መገናኘት አስባችኋል። «የቱ ሆቴል ይሻላል? ስንት ብናዋጣ ይበቃል?» ነው ያልሽው። ሆቴሉ ይቆይሽ። እኛ ስምንት ነን። ደሴ ላይ በአንድ ዶርም ሦስት ዓመት ኖረን በመምህርነት የተመረቅን ነን። ከ2010 ጀምሮ እንገናኛለን። እኛ የከፈልነውን እናንተ እንዳትከፍሉ የደረሰብንን ልንገርሽ።

1. ቀኑን አንድ ሰው ብቻውን አይቁረጠው። በ2011 የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ። ረመዳን አልፏል። አረፋም ነሐሴ ላይ ወጥቷል። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ መስቀልም አልፏል። መስከረም 19 እና 20 ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ትምህርቱም ገና አልጠበቀም። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ብዬ ጻፍኩላቸው። ሁሉም እሺ አሉ።

መስከረም 21 ግን ግሸን ማርያም ናት። በዚያ ዓመት ሰኞ ዋለች። ለንግሥ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ብዙው ደሴ አድሮ ነው ወደ ግሸን የሚሄደው። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ አልጋ እንደ ወርቅ ነው። ክርስቲያን ጓደኞቼ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ስለሚኖሩ ልብ አላሉትም። እኔ ግን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አውቶቡሶቹ በየዓመቱ በደጄ ያልፋሉ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እናንተም የወሎ ልጆች እንደመሆናችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሳትቀላቀሉ አትቀሩም። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር አንድ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል፤ አምና የተመቸው ወር ዘንድሮ ላይመች ይችላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ጥር ሠርግ ነው፣ ማንም አይገኝም። እኛ በመጨረሻ የረጋነው ጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ የአዋጅ ጾም የለም፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ብርዱ ብቻ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ደሴ ላይ እውነት ነው፤ ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጋቢ ይያዝ።

2. ቀብድ ያለ ደረሰኝ እንዳትከፍይ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብነግርሽ ደስ ይለኛል።

ሆቴሉን በስልክ ነበር የያዝኩት። ሥራ አስኪያጅ ነኝ ያለኝ ሰው በጣም ትሁት ነበር። «እህቴ፣ አታስቢ፣ ምርጥ አራት ክፍል አስቀምጥላችኋለሁ» አለኝ። ያኔ ክፍሉ 600 ብር ነበር። አራት ክፍል፣ የዓርብና የቅዳሜ ሌሊት፣ 4,800 ብር። ለእሁድ ምሳ ደግሞ 1,200 ጨምሩ አለ። 6,000 ብር ላክኩ። ከእኔ የወር ደሞዝ ይበልጣል። የሰጠኝ የባንክ ሒሳብ የሆቴሉ ሳይሆን የራሱ ነበር። ስሙን አይቻለሁ። «የሆቴሉ ሲስተም ተበላሽቶ ነው» ሲለኝ አመንኩት።

ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ደረስን። አዲስ አበባ ያሉት ሌሊት ተነስተው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ነው የዋሉት። አንዷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ መዝገቡን እንኳ ሳትገልጥ «ስማችሁ የለም» አለችን። ብር መላኬን ስልኬ ላይ አሳየኋት። «ይሄ የኛ አይደለም። ለላክሽለት ሰው ደውይ» አለችኝ። ስልኩ ዝግ ነው። ከኋላችን የግሸን ተሳላሚዎች ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ልጅቷ በእኛ ራስ ላይ እነሱን ማስተናገድ ጀመረች። በምን ያህል እንዳከራየችው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እኛ ከከፈልነው እጥፍ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ቦርሳዋ ላይ ተቀመጠች። ወንበር እንኳ ያቀረበላት የለም።

ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ዞርን። አንድም አልጋ የለም።

ያዳነችን የጓደኛችን እናት ናት። ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው ቤታቸው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በራቸውን ስናንኳኳ «አብሽሩ፣ ግቡ፣ ብርዱ ይገድላችኋል» አሉን። ሳሎናቸው ውስጥ ደግሞ ሁለት የግሸን ተሳላሚ አሮጊቶች አሳድረው ነበር። እኒህ ሴት ሐጃ ናቸው። አሮጊቶቹ ያደሩት መስገጃቸው ከተዘረጋበት አጠገብ ነው። እንጀራና ሽሮ ቀረበልን፤ ሁሉም የሚበላው እሱን ነው። ፍራሽ ከጎረቤት ተለቀመ። ሌሊቱን ሙሉ ያ የድሮ ዶርማችን ተመልሶ መጣ። በማግስቱ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጠጣን። አሮጊቶቹ ሲመርቁ እኛ አሜን፣ ሐጃ ዱዓ ሲያደርጉ አሮጊቶቹ አሜን። ወላሂ፣ እስከዛሬ ካሳለፍናቸው ሁሉ የዚያን ጠዋት ያህል የሚጠራ የለም።

ብሩ ግን ብር ነው። ሦስት ጊዜ ከኮምቦልቻ ደሴ ተመላለስኩ። 25 ኪሎ ሜትር የሐረጎን ዳገት ለዚያ ሰው ብዬ ወጣሁ። አንድ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነው»፣ አንድ ጊዜ «ለቋል» ተባልኩ። ጣቢያም ሄድኩ። መርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄው «ደረሰኝ አለሽ?» ነው። «ለግለሰብ የላክሽው ብር ብድር ይሁን ስጦታ በምን ይታወቃል?» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ወረቀት አልያዝኩም። ሰውየው እስከ ገና 1,500 ብር ብቻ መለሰልኝ። የቀረውን 4,500 ለጓደኞቼ ከኪሴ ተካሁ፤ ተይው ቢሉኝም እምቢ አልኩ።

ስለዚህ፦ ብሩ በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ፎቶ ይላክልሽ። ቀኑ፣ የክፍሉ ብዛት፣ የእንግዶቹ ስም በማኅተም ይጻፍልሽ። ከሲሶው በላይ አትክፈይ። ዋዜማው ላይ ደሴ ያለ አንድ ዘመድ በአካል ሄዶ ይይልሽ። «ሲስተም ተበላሽቷል» ካሉሽ ወዲያው ስልኩን ዝጊው።

3. መዋጮው። «ስንት ብናዋጣ?» ብለሻል። ከሁሉም ዝቅተኛ ደሞዝ ያላትን አስቢና ከእሷ ጀምሪ። እኛ ከሆቴሉ ውርደት በኋላ በ2012 ደመቅ እናድርገው አልን። አንድ ዓይነት ጥበብ ቀሚስ፣ ፎቶ አንሺ፣ ኬክ። ለእያንዳንዳችን 3,000 ብር ደረሰ። ከእኛ መካከል ገጠር የምታስተምር አንዲት ልጅ አለች። ዶርም ውስጥ የታችኛው አልጋ የእሷ ነበር፣ የኔ የላይኛው። «ልጄን አሟታል» ብላ ጻፈችና ከቴሌግራሙ ወጣች። እኛም «አላህ ይማራት» ብለን ቀሚሳችንን ለብሰን ፎቶ ተነሳን።

ከአራት ወር በኋላ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ልጇ አልታመመችም። «ሰባታችሁ አንድ ዓይነት ለብሳችሁ እኔ በሹራብ ልቆም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እዚያው ሽንኩርት ተራ መካከል ቆመን ተላቀስን።

ከዚያ ወዲህ ቀሚስ የለም። በየወሩ 200 ብር፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ማን እንዳስገባ፣ ማን እንዳላስገባ የምታውቀው ገንዘብ ያዧ ብቻ ናት። ያላስገባችም እኩል ትመጣለች። ማንም ስም አያነሳም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እኮራለሁ።

ይህ ሒሳብ ለሌላም ቀን ደረሰልን። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አራታችን ከነልጆቻችን ወጣን። አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛችን ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ከወር በላይ አስቀመጠችን። ሒሳቡ ላይ 11,000 ብር ነበረን። የልጆች ወተትና የብርድ ልብስ የተገዛው በእሱ ነው። የዚያን ዓመት መገናኛችን እዚያው፣ እዚያች ሳሎን ውስጥ ሆነ። ኅዳር መጨረሻ ከተማው ተመልሶ ሲያዝ ወደ ቤታችን ገባን።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ላልሽው፣ እኔ ኮምቦልቻ እላለሁ። የምኖርበት ስለሆነ አይደለም። አውሮፕላን የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። አየሩ ሞቅ ይላል፣ ልጅ ይዛ ለምትመጣ ይሻላል። ደሴን በማግስቱ ውጡና እዩት። በየብስ የሚመጡት ከመነሳታቸው በፊት ስለ መንገዱ ይጠይቁ። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። እኛ ሁልጊዜ የቀጣዩን ሳምንት ቅዳሜ ተለዋጭ አድርገን እንይዛለን።

ሐይቅ መሄድ አይቅርባችሁ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም። የእኛዋ ከባሕር ዳር ድረስ እሱን እሳለማለሁ ብላ መጥታ በሩ ላይ ስትቀር አዝናለች። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሐይቁ ዳር ራሱ ይበቃል፣ ዓሣውም ጥሩ ነው። የዓሣው ነገር ትልቅ ነው፦ የሥጋ መለያየት አያመጣም፣ ሁላችሁም ከአንድ ሳህን ትበላላችሁ። ሥጋ ካሰባችሁ ግን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረድ፣ ለየብቻ ይሠራ፣ ድስትና ማንኪያውም አይቀላቀል። ባቲ ገበያን ያሰባችሁ እንደሆነ የሚቆመው ሰኞ ነው፤ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቁ።

ኮሌጃችሁ ግቢ ውስጥ ፎቶ እንነሳ ካላችሁ ደብዳቤውን በሥራ ቀን ጨርሱ። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ሄደን ጥበቃው አላስገባንም። ከውስጥ የወጣ የቢሮ ሰው ደግሞ «ተመራቂ ከሆናችሁ ምን ጎደላችሁ? ጨርሳችሁ ሄዳችኋል» አለን። ሦስት ዓመት የኖርንበትን ዶርም በአጥር ቀዳዳ አይተን ተመለስን። ይህ እስካሁን ያመኛል። በዓመቱ ደብዳቤ በመዝገብ ቁጥር አስወጥቼ ይዤ ሄድኩ። ያው ጥበቃ በሩን ከፈተልን። በአሮጌው ዶርም በር ላይ ስምንታችንም ቆመን ተነሳን፤ ያቺ የታችኛው አልጋ ልጅ መሐል ናት።

እኛ አሁን የምናድረው እኔ ቤት ነው። ፍራሽ፣ ሳህንና ስኒ የምናመጣው ከእድራችን ነው፣ ለአባል ይሰጣሉ። የቁርሱን ዳቦ ሐጃ ይልኩልናል። ሆቴል ቀርቶባችሁ ኮምቦልቻ ሰው ቤት ለማደር ከወሰናችሁ ቀኑን ንገሪኝ። ለዘጠኝ ሰው የሚሆን ፍራሽ እድሩን እጠይቅልሻለሁ፤ ጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻ አይሁን፣ ያን ቀን የኛ ነው።