ሌንሴ ትንሽ ናት፣ ልቀላቀላቸው?

ጥያቄ፦ ያለኝ አሮጌ ካኖን ነው፤ ሌንሱም ከካሜራው ጋር የመጣችው 18-55 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥተው ፎቶ የሚያነሱ ልጆች ነይ ብለውኛል። ግን የእነሱ ሌንስ ክንድ ያክላል፤ አፈርኩ።

መልስ፦ ኧረ ሂጂ! ያ ክንድ የሚያክለው ለወፍ ነው። ጭጋግ የዋጠውን ባሕር ዛፍ ለማንሳት ያንቺው 18 (ሰፊ ቦታ የሚያሳየው የሌንስሽ ጫፍ) ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል። ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ ስለሚያንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 800 ከፍ አድርጊ፣ ትርፍ ባትሪሽን ደግሞ ኪስሽ ውስጥ አሙቂው፣ ብርድ ላይ ቶሎ ያልቃል (እኔ ልክ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ካሜራዬ ጠፍቶብኝ ቆሜ አይቻታለሁ)። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ግን ሳታስፈቅጂ እንዳታነሺ፤ ሌላው ቢያነሳም አንቺ ጠይቂ። ሌንስ ካማረሽ ከመግዛትሽ በፊት ተዋሺ። ባለ 50 ሚሊሜትር የያዘ አንድ ሰው አይጠፋም።