አራት ወር የቀረው የሬስሊንግ ድርጅት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ማታ ማታ በወንድሜ ላፕቶፕ ቶታል ኤክስትሪም ሬስሊንግ የተባለውን የሬስሊንግ ድርጅት ማስተዳደሪያ ጨዋታ እጫወታለሁ። በከተማችን ተራራ ስም አንዲት ትንሽ ድርጅት አቋቁሜ በ60,000 ዶላር ጀመርኩ። ስምንት ወር ሆነኝ፤ የቀረኝ 20,000 ነው። በወር አንድ ትዕይንት አዘጋጃለሁ። ገቢዬ 4,500፣ ወጪዬ 9,500 ነው፦ ለአንድ ስመ ጥር አንጋፋ 2,000፣ ለሌሎች 21 ተፋላሚዎች 4,800፣ ለመድረክና ለቀረጻ 1,200፣ ለዳኛ፣ ለተራኪና ለመሳሰሉት 1,500። አንጋፋው ከሄደ ተመልካች ይሸሸኛል ብዬ እሰጋለሁ። ከሁሉም የሚልቀውን ወጣት ደግሞ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሳይወስዱብኝ በቋሚ ደመወዝ ላስፈርመው አስቤያለሁ። ወደ ሌላ ክልል ሄጄ ባሳይስ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ወጪህን ሳትደብቅ ዘርዝረህ ስለጻፍክልኝ ሥራዬ ቀለለ። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ የአዳም ራይላንድ ሥራ ነው፤ ፍልሚያው በዓይን አይታይም፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍና በቁጥር ይካሄዳል። ተጫዋቹ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ማንስ እንደሚያሸንፍ ይወስናል፤ የሠራተኛውንም ሒሳብ ይከፍላል።

በወር 5,000 እየከሰርክ 20,000 ቀርቶሃል ማለት አራት ወር ቀርቶሃል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ገንዘብህን በወር ቁጠረው። ይህን ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ ውስጥ ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩ እናት ናቸው። ሒሳባቸውን የያዝኩላቸው ለስድስት ዓመታት ነው። ደብተራቸው ጠርዙ በወጥ የረጠበ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ ነበር። በየገጹ አናት ላይ ያለውን ገንዘብ አይጽፉም፤ ያለ ሥራ ስንት ሳምንት እንደሚያቆየን ነበር የሚጽፉት። ድንኳኑ ለኒካህም ለተክሊልም አንድ ነው፤ በጥር ወር ከአንዱ ሠርግ ነቅለን ሳናጥፈው ሌላው ጋ እንተክለው ነበር። በእንዲህ ያለ ጥር፣ ጎበዞቹን ተሸካሚዎች ሌሎች እንዳይወስዱብን በወር ደመወዝ እንቅጠራቸው ብዬ አጥብቄ መከርኳቸው። ስድስት ሰው ቀጠርን። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው መጡ። ሠርግ የለም፣ ኪራይ የለም፣ ደመወዙ ግን አለ። የሁለተኛውን ወር ለመክፈል 40 ወንበር ሸጥን። ወንበሮቹ በጋሪ ተጭነው ሲወጡ እናታችን በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ሲቆጥሩ አየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ሰው ቋሚ ደመወዝ ክፈል ብዬ ስመክር ሁለቴ አስባለሁ።

ስለዚህ የወጣቱን ነገር በቅድሚያ ልመልስልህ፦ አታስፈርመው። ጨዋታው በተሳተፈበት ትዕይንት ብቻ የሚከፈልበት ውል አለው፤ ካልጠራኸው አትከፍለውም። ለአንተ አቅም የተሠራው ይህ ነው። ትልቅ ድርጅት ሊወስደው ይችላል፣ አዎ። ሪንግ ኦቭ ኦነር የተባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ፊላደልፊያ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ ከተፋላሚዎቹ ሲኤም ፐንክን በ2005፣ ብራያን ዳንኤልሰንን በ2009 ትልቁ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ ወስዶበታል፤ ድርጅቱ ግን ሌሎችን እያሳደገ ቀጥሏል። ያንተም ወጣት መሄዱ የማይቀር ሲሆን ሳይሄድ በፊት ለተተኪው ይሸነፍ። ዝናው ከፊሉ በዚያኛው ላይ ይቀራል።

አንጋፋውን በዚህ ወር አሰናብተው። የምትሰጋው የጨዋታውን ሚዛን ስላላስተዋልክ ይመስለኛል። ትዕይንትህ የሚመዘነው በክልሉ ካለህ ከራስህ ዝና ጋር ነው፤ ከዝናህ በላይ ከሆነ ታድጋለህ፣ ካነሰ ትወርዳለህ። ዝናህ ገና መሬት ላይ ስለሆነ በችሎታቸው የተመረጡ ሁለት ርካሽ ወጣቶች ያንን ሚዛን ያልፉታል። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ዋና ፍልሚያ ስለሆነ ምርጦችህን እዚያ አስቀምጥ። በ2,000 ዶላር የምትገዛው ስም ዛሬ አያስፈልግህም።

ሃያ አንዱንም ሰው በአንድ ምሽት አታሰልፍ። አራት የአንድ ለአንድ ፍልሚያና አንድ የጥንድ ፍልሚያ 12 ሰው ይበቃዋል። ውዶቹን ዘጠኝ ሰዎች ስትተው ከ4,800 ወደ 2,300 አካባቢ ትወርዳለህ። ዳኝነት ወይም ፍልሚያ ማቀናበር የሚችል ተፋላሚ ካለህ ሁለቱንም ሥራ ስጠው፤ 1,500ው ወደ 1,100 ይቀንስ። የመድረኩንም ወጪ ወደ 900 አውርደው። ድምሩ 4,300 ነው። አንጋፋው ሲሄድ ገቢህ ወደ 4,000 ቢወርድ እንኳ በወር የምትከስረው 300 ነው፤ 20,000ው ከአምስት ዓመት በላይ ያቆይሃል። አራት ወር የነበረው ማለት ነው!

ሌላ ክልል አሁን አትሂድ። ጨዋታው ዝናን የሚቆጥረው በየክልሉ ለየብቻ ነው፤ እዚያ ስትደርስ የሚያውቅህ የለም። እኛም ድንኳናችንን እስከ ሐይቅ እንጂ ወልድያ ድረስ አንወስድም ነበር፤ የመኪናው ኪራይ ትርፉን ይበላው ነበርና። በቴሌቪዥን ለመታየት ከመቸኮልህ በፊት ደግሞ ኢሲደብሊው የተባለውን ድርጅት አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1999 በመላው አሜሪካ በሚታይ የኬብል ጣቢያ መታየት ጀመረ፤ በዓመቱ ከጣቢያው ወጣ፤ በሚያዝያ 2001 በፍርድ ቤት ኪሳራውን አስመዘገበ። ተፋላሚዎቹ ክፍያቸውን ሳያገኙ ቀርተው ነበር። ያንን ድርጅት እወደው ስለነበር ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሦስት ትዕይንት ካዘጋጀህ በኋላ መልሰህ ጻፍልኝ። የገቢህን፣ የወጪህንና በክልልህ ያለህን ዝና ቁጥር ላክልኝ፤ ዝናህ ከወረደ ዋናውን ፍልሚያ እነማን እንደተፋለሙ ጨምርበት፣ እሱን አብረን እናየዋለን።